እሑድ በዘጠኝ ሰዓት የተገኙ

ስልክ ሲጠራ የምደነግጥ ሴት አልነበርኩም። ስልክ የምትፈራ የእድር ሰብሳቢ ምን ልትሠራ ነው? ሰው ሞተ፣ ድንኳን ይውጣ፣ ወንበር ጎደለ የሚሉኝ ሁሉ በስልክ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲሉኝ ኖረው አንድም ቀን ደንግጬ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ልጄ ሮሐ ያወጣችውን አዲስ ፓስፖርት ትራሷ ሥር ካገኘሁ ወዲህ ግን ስልክ በጠራ ቁጥር የያዝኩትን እጥላለሁ።

ሐመልማል እባላለሁ። እዚሁ አሰላ ተወልጄ፣ እዚሁ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ወልደአማኑኤል ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ያለችኝ አንድ ልጅ ሮሐ ናት። አዲስ አበባ ቴአትር ተምራ፣ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ አጥታ፣ አንድ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በእኔ ሳሎን ተቀምጣ «አጥር ለአጥር» የሚባል ድራማ ጻፈች። በወሰን አጥር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሲካሰሱ፣ ሲታረቁ፣ እንደገና ሲካሰሱ ነው ታሪኩ። ገና ሳነበው ከት ብዬ ሳቅኩ፤ ግማሹ እኔና ጎረቤቶቼ ነን።

አንድ የግል ቴሌቪዥን ጣቢያ ወሰደላት። ቀረጻው በእኔ ግቢ ሆነ። ከሁለቱ ጎረቤታሞች አንዱን የሚጫወተው ነገሳ የሚባል የሳጉሬ ገበሬ ነው፤ ከዚያ በፊት ካሜራ ያየው ለመታወቂያ ፎቶ ሲነሣ ብቻ ነበር። ሮሐ ገበያ ላይ ስለ ገብስ ዋጋ ሲከራከር ሰምታው «እሱ ነው» አለች፤ እውነትም እሱ ነበር። እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ድራማው ሲጀምር የባጃጅ ሾፌር እንኳን አታገኝም፤ ሁሉም ጥግ ይዞ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ነው።

ገንዘቡን የሚሰጠው ጣቢያው እንዳይመስላችሁ። ጣቢያው ሰዓቱን ነው የሚሰጠው። ገንዘቡ ከአንድ የማካሮኒ ፋብሪካ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በየክፍሉ ሰው ማካሮኒ መብላት አለበት። ጎረቤታሞቹ ሽማግሌ ፊት ቀርበው ሲካሰሱ መሐላቸው አንድ ትሪ ማካሮኒ ይቀርባል። ነገሳ አንድ ቀን ሹካውን አስቀምጦ፣ «እትዬ ሐመልማል፣ እኔ ከሰው ጋር ተጣልቼ እህል ወርዶልኝ አያውቅም፤ ይሄ ሰውዬ እንዴት ነው የሚበላው?» አለኝ። ብላ፣ የልጄ ሥራ ነው አልኩት። በላ።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ግን ኢየሩስ አለች። ታየች የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ ኢየሩስ የእሷ ልጅ ናት፤ ከሮሐ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ። ተመርቃ ሥራ ስታጣ አረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄደች። በሰባተኛ ወሯ በሣጥን መጣች። ወረቀቱ ከፎቅ ወድቃ ይላል፤ ከዚያ ሌላ አንድ ቃል የለውም። እድራችን አባሉን ካለበት ያመጣልና ቦሌ ሄጄ ፈርሜ የተረከብኳት እኔ ነኝ። ያንን ሣጥን ከአራት ሰዎች ጋር ይዤዋለሁ። ቀላል ነበር። እንደዚያ ቀላል መሆኑ ነው እስከ ዛሬ የሚያባንነኝ።

እንግዲህ ፓስፖርቱን ሳገኝ ምን እንደሆንኩ አስቡት። ፊቷ ላይ ወረወርኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፓስፖርት ነው እማዬ።»

«ለምን?»

«ድራማው ለሁለተኛ ምዕራፍ ካልተፈቀደ እሄዳለሁ። አረብ አገር ከሚልከው ኤጀንሲ ጋር ተነጋግሬአለሁ። የጤና ምርመራውንም ጨርሻለሁ።»

«ኢየሩስን ረሳሻት?»

ፓስፖርቱን ከወለሉ አነሣችና በቀሚሷ ጠረገችው። «አልረሳኋትም። በሃያ ሰባት ዓመቴ የአንቺን ጡረታ እየበላሁ መቀመጥም አልቻልኩም» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ይበርድለታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ኑሮ አንድ ጥያቄ ሆነ። ይቀጥላል ወይስ አይቀጥልም? እንቅልፍ አጣሁ። ቀበሌ ሄጄ የመጣሁበትን ረስቼ ተመለስኩ። ቅዳሴ ቆሜ የምጸልየው ስለ ማካሮኒ ሽያጭ ሆነ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ጥቅምት ሲገባ ብሩክ የሚባል ልጅ ከፋብሪካው የገበያ ክፍል መጣ። የመጨረሻው ክፍል ሲቀረጽ የማካሮኒው ካርቶን በደንብ መታየቱን ሊያይ ነው። ንጹሕ ጫማ ያደረገ፣ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው፤ ሊጠላ የሚመች አይደለም። ሻይ ሰጥቼ አስቀመጥኩት።

«ልጄ፣ ይሄ ድራማ ይቀጥላል?»

«እማማ፣ ድራማው እኮ በጣም ይወደዳል።»

«ወይዘሮ ሐመልማል በለኝ። ከተወደደ ታዲያ ምን ቀረ?»

ሳቅ አለ። «ይቅርታ ወይዘሮ ሐመልማል። እኔም እወደዋለሁ። አለቆቼ የሚጠይቁኝ ግን ክፍሉ በተለቀቀ በመጀመሪያው ሰዓት ስንት ተመልካች አለው ብለው ነው። እስካሁን አሥራ ስምንት ሺህ ነን። የመጨረሻው ክፍል ሃያ ሺህ ከሞላ ሁለተኛውን ምዕራፍ እናስፈርማለን። ካልሞላ ገንዘቡ ለኳስ ይሄዳል።»

«ለኳስ?»

«ኳስ የሚያይ ብዙ ነው፤ ከሚያየው ውስጥ የሚገዛው ብዙ ነው። ፋብሪካው ለበጎ አድራጎት አልተቋቋመማ።»

ሃያ ሺህ። ሁለት ሺህ ሰው ነው የጎደለው። እዚያው ሻዩን እንደያዝኩ ልቤ ዘለለ። ሁለት ሺህ ሰው እኔ በአንድ ቀብር አወጣለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ «ያልገባችሁን ጠይቁ» ስል የኖርኩ አስተማሪ፣ እንዴት ነው የምትቆጥሩት ብዬ አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ ልጁን ሸኘሁት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ የሚሉት እኔን ነው።

የመጨረሻው ክፍል የሚተላለፈው ጥቅምት ሃያ ላይ በዋለው እሑድ ነበር። ሮሐ ጣቢያው ጠርቷት አዲስ አበባ ሄዳለች። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ደስታው በድንገት እንዲሆንላት ፈልጌ ነው። የእድር አባላትን ሰብስቤ፣ «የመጨረሻው ክፍል እንደ አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ይቆጠራል» ብዬ አወጅኩ። ትልቁ ቴሌቪዥን ከነዲሹ በአዳራሹ ይተከላል፤ ሁሉም ከነቤተሰቡ ይመጣል፤ ቤቱ የቀረ ከቀብር እንደቀረ ተቆጥሮ ይቀጣል። ያጉረመረሙ ነበሩ። ታየች ተነሥታ፣ «ለሮሐ ነው። ሌላ ልጅ ከዚህ ሰፈር አይሄድም» አለች። ከዚያ በኋላ ያጉረመረመ የለም።

በዚህ አላበቃሁም። የአሰላ እድሮች ኅብረት ውስጥ ጸሐፊ ነኝና ለሌሎቹ ስምንት እድሮችም ነገርኩ። ከአሰላም አልፌ ሁሩታ ደወልኩ፤ ኦጎልቾ ደወልኩ፤ አቦምሳ ላለችው ለአይሻ ደወልኩ። አይሻ በእህል ንግድ ከተማውን ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት። «ኢንሻአላህ አንድ ሰው ቤቱ አይቀርም፤ በሩን ቆሜ ነው የማስቆልፈው» አለችኝ። ሁሉም ስም እየጠሩ እንዲመዘግቡ አደራ አልኩ። ስም ከተመዘገበ ሰው መገኘቱን ማን ይክዳል?

እሑድ ደረሰ። ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም እስከ ቀትር አልገፈፈም ነበር። በስምንት ሰዓት ተኩል አዳራሹ ሞላ፤ ወንበር አልቆ ሰው የድንኳን ምሰሶዎቹ ላይ ተቀመጠ። በመዝገቡ ስም ጠራሁ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። የታመመ ሁለት፣ የወለደች አንድ፤ ሌላ የቀረ የለም። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው፣ «ስልካችሁን አጥፉ» አልኩ። ስብሰባ ላይ ስልክ ሲጮህ አልወድም። በእኔ እድር ስልኩ የጮኸበት ሰው እስኪወጣ ድረስ ሁሉም ዞሮ ያየዋል። አራት መቶ ሰው በየኪሱና በየጉያው ገብቶ ስልኩን አጠፋ። ለሌሎቹ ሰብሳቢዎችም ይህንኑ ነግሬአቸዋለሁ። የራሴንም አጠፋሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው መብራት ሄደ።

እንዲህ ያለ ፍርሃት በዕድሜዬ አላውቅም።  ቦሌ የፈረምኩበት ወረቀት ፊቴ መጣ፤ ስሙ የሚጻፍበት ቦታ ላይ የሮሐ ስም ተጽፎ አየሁት። «ጄኔሬተር!» ብዬ ጮህኩ። ራሱን ሊያይ ከሳጉሬ የመጣው ነገሳ ጋቢውን ጥሎ ሮጠ፤ ለለቅሶ የምናስነሣውን ጄኔሬተር ሦስት ጊዜ ጎትቶ በአራተኛው አስነሣው። ቴሌቪዥኑ ሲበራ የድራማው ሙዚቃ እየጀመረ ነበር። ግድግዳ ይዤ ቆምኩ እንጂ አልተቀመጥኩም።

ክፍሉን አላየሁትም፤ ያየሁት ሰውን ነው። ሲስቁ አየሁ፤ አጥሩ ፈርሶ ሁለቱ ጎረቤታሞች እንጨቱን አብረው ሲለቅሙ፣ ለዓመታት የማይነጋገሩ ሁለት አባሎቼ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያለቅሱ አየሁ። ነገሳ የራሱን ፊት እዚያ ላይ ሲያይ አፍሮ ጋቢውን ተከናነበ። ታየች እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር። ለሦስት ወር ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ለአንድ ሰዓት ያህል ተነሣልኝ። ሃያ ሺህ የት ይደርሳል፣ ሠላሳም ይሞላል አልኩ በልቤ።

ሲያልቅ ሰው አጨብጭቦ ስልኩን ከፈተ። እኔም ከፈትኩ። ሮሐ ዘጠኝ ጊዜ ደውላልኝ ነበር። ልትነግረኝ ነው ብዬ እየሳቅኩ ደወልኩላት።

«እማዬ! ማን ሞተ?»

«ምን?»

«ማን ነው የሞተው? ምን ሆናችሁ ነው? ለታየች ደወልኩ ዝግ ነው፤ ለነገሳ ደወልኩ ዝግ ነው። የማውቀው ሰው ሁሉ ስልኩ ዝግ ነው።»

«ማንም አልሞተም። ደኅና ነን። ቁጥሩ እንዴት ሆነ?»

 ከኋላዋ የሰዎች ድምፅ ይሰማኛል። «አሥራ አንድ ሺህ» አለች። «አሰላ የለችም እማዬ። ሁሩታም የለም፤ ኦጎልቾም፤ አቦምሳም። በየሳምንቱ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከእናንተ ነበር። የጣቢያው ሰዎች ሰሌዳው ላይ እያሳዩኝ፣ አገርሽ ጠልቶሻል እንዴ ይሉኛል።»

«በዲሽ አይተነው ይሆናላ» አልኩ። 

«ዲሽ አይቆጠርም። ድሮም አይቆጠርም። የሚቆጠረው በኢንተርኔት የከፈተው ስልክ ብቻ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ፊታቸው ገና እርጥብ ነው። መዝገቡ እጄ ላይ ነው።

«መብራት ጠፍቶብን ነበር» አልኳት። እውነትም ጠፍቶ ነበር። እንደዚያ ያለ ውሸት ከውሸትም ይከፋል።

በማግስቱ ብሩክ ጋ ደወልኩ። የዘጠኙንም እድር፣ የሁሩታንም፣ የኦጎልቾንም፣ የአቦምሳንም መዝገብ በስልክ አስቆጥሬ ደምሬዋለሁ፤ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። ከአሥራ አንዱ ሺህ ጋር ሲደመር ሃያ ሺህ አለፈ። «ስማቸው አንድ በአንድ ተመዝግቧል፤ ዛሬውኑ በመኪና እልክልሃለሁ» አልኩት።

«ወይዘሮ ሐመልማል፣ አምንዎታለሁ» አለኝ። «ስም ዝርዝር ግን አለቆቼ ፊት ይዤ መቅረብ አልችልም።»

«ለምን? ሰው አይደሉም?»

«ሰው ናቸው። እውነቱን ልንገርዎት? አራት መቶ ሰው በአንድ ቴሌቪዥን የሚያይበት ከተማ ብላቸው፣ እነዚህ አይገዙም ነው የሚሉኝ።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። «አንተ ልጅ፣ ለቅሶ ላይ ማካሮኒ በኩንታል የምንቀቅለው እኛ ነን። አንድ እድር በዓመት ስንት ሬሳ እንደሚያወጣ ታውቃለህ? ከእኔ የበለጠ የእናንተን ማካሮኒ የሚገዛ ማን አለ?»

 «ይሄ በእኛ ቁጥር ውስጥ የለም» አለ ቀስ ብሎ። «ብጽፈውም ጊዜው አልፏል። የኳሱ ውል ዛሬ ጠዋት ተፈርሟል። በጣም አዝናለሁ።» ማዘኑ እውነት ነበር፤ ለዚያ ነው ልረግመው ያቃተኝ።

ሮሐ ማክሰኞ መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገርኳት፤ አዳራሹን፣ ቅጣቱን፣ ስልክ አጥፉ ማለቴን፣ ሁሩታና አቦምሳ መደወሌን፣ በመብራት ማመካኘቴን። እንድትጮህብኝ ጠብቄ ነበር። መዝገቡን ተቀብላኝ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበች። የምታውቀው ስም ላይ ስትደርስ ትስቃለች። «ሽባው አቶ ገብረ ማርያም እንኳን መጥተዋል?» አለች።

«በቃሬዛ አምጥተናቸው ነው።»

ሳቀች፤ ስትስቅ ቆይታ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደባት። ጭንቅላቷን እቅፌ ውስጥ ከተተች። «እማዬ፣ እኔን ብሎ ይሄ ሁሉ ሰው?» አለች። ትቀራለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እንደዚያ አልቅሳ የምትሄድ አልመሰለኝም ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሄደች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ነገሳ የተቆላ ገብስ በፌስታል አምጥቶ «በመንገድ ትበያለሽ፤ ማካሮኒ አይደለም» አላት፤ እሷም «ገለቶማ» ብላ በኦሮምኛ አመስግናው ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዞ አነሣት። ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮት አንገቷን አወጣች።

«እማዬ፣ ከእድሩ መዝገብ ስሜን እንዳታወጪው።»

በቀላሉ ነው ያለችው፤ ልብሴን ከገመድ ላይ አስገቢልኝ እንደማለት። ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ስሙ በመዝገብ ያለን ሰው ነው እድሩ ካለበት የሚያመጣው። ኢየሩስንም ያመጣናት ስሟ ስላልወጣ ነው። «እሺ» አልኳት። ሚኒባሱ ወደ አዳማ መንገድ ሲታጠፍ እዚያው ቆሜ ነበር። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እውነት እንዳይሆን ብቻ ነው አሁን የምለምነው።

ባለፈው እሑድ ወርኃዊ ስብሰባ ነበረን። በተራ ስም ጠራሁ። ፊደሉ ሮሐ ጋ ደረሰ። ደንቡ ውጭ አገር ያለ አባል ስም አይጠራም፤ ጎኑ ላይ ምልክት ይደረጋል ይላል፤ ደንቡን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ።

«ሮሐ ወልደአማኑኤል» አልኩ።

 ከኋላ ረድፍ ጎረቤቴ ታየች፣ ልጇን በሣጥን የተቀበለችው ታየች፣ እጇን አወጣች።

«አለች» አለች።

አለች ብዬ ጻፍኩ። የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ። ስልክ አጥፉ የሚለውን ደንብ ሰርዘነዋል። የእኔ ስልክ ከመዝገቡ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ሲጠራ ስም መጥራቴን አቆማለሁ፤ አራት መቶ ሰውም አብሮኝ ዝም ይላል።